የጆሮ ጫፍ፣ የመስቀል ማረፊያና የእምብርት ሥር፦ በልጆች ላይ ስለሚታይ የብረታ ብረት አለርጂ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

አራት ኪሎ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት የላኩት ጥያቄ በአጭሩ የሚከተለው ነው። የስምንት ዓመት ሴት ልጃቸው በጨቅላነቷ ጆሮዋን ተበስታ ለዓመታት ያለ ችግር ጉትቻ ስታደርግ ቆይታለች። ለጥምቀት የወርቅ ቅብ ጉትቻ ከተገዛላት ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የሁለቱም ጆሮዎቿ ጫፍ ያሳክካትና ውኃ ያዥ ጀመር። ቀጥሎ በማተቧ ላይ የተንጠለጠለው መስቀል የሚያርፍበት የደረቷ ቆዳ፣ ከዚያም ከእምብርቷ በታች ያለው ቦታ ሻክሮ ጠቆረ፤ ሰሞኑን ደግሞ በክርኖቿና በጉልበቶቿ ላይ ደቃቅ ሽፍታ ወጥቶባታል። ከመድኃኒት ቤት የተገዛው ቅባት ሲቀባ ይሻላታል፣ ሲቆም ይመለሳል። ጎረቤት «ደሟ ነው» ይላል፣ ሌላው «ሽሮ ከልክያት» ይላል፣ አያቷ ደግሞ መስቀሉ እንዳይወልቅ አጥብቀው ያሳስባሉ። እናት የጠየቁት ሕመሙ ምን እንደሆነ፣ ምርመራ እንዳለው፣ እውነተኛ ወርቅ ቢገዛላት መፍትሔ ይሆን እንደሆነ፣ በመጨረሻም ይድን እንደሆነ ነው። ገና የሦስት ወር ሕፃን የሆነችውን እኅቷንም ጆሮዋን ለማስበሳት አስበው እንደነበር ጨምረው ጽፈዋል።

ውድ እናት፣ ልጅዎን በአካል ሳላያት ለመናገር በሚቻለው መጠን፣ የገለጹት ሁሉ በእጅጉ የሚመስለው ኒኬል በሚባለው ብረት ምክንያት የሚመጣ የንክኪ ችፌ ነው። ይህን እንድል ያደረገኝ የሽፍታው መልክ ሳይሆን የወጣባቸው ቦታዎች ናቸው። የጆሮ ጫፍ የጉትቻ ቦታ ነው፣ የደረቱ መካከል የመስቀሉ ማረፊያ ነው፣ የእምብርት ሥር ደግሞ የጂንስ ሱሪ ቁልፍ ወይም የቀበቶ ዘለበት ቀኑን ሙሉ የሚታከክበት ስፍራ ነው። ከምግብ ወይም «ከደም» የሚመጣ ነገር እነዚህን ሦስት ቦታዎች ለይቶ አይመርጥም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጅዎ ዘወትር የምትለብሳቸውን ሱሪዎች ገልብጠው በውስጥ በኩል፣ ቆዳዋን የሚነካውን የቁልፉን ጀርባ ይመልከቱ። ብዙ ወላጆች የልጃቸውን ጆሮ ለወራት ሲያክሙ ቆይተው ስለዚህች ቁልፍ አንድም ቀን አያስቡም።

በክርንና በጉልበት ላይ የወጣው ሽፍታ ግራ አጋብቶዎት ይሆናል፤ እዚያ የሚነካት ብረት የለምና። ይህ የቆዳ ሐኪሞች በደንብ የሚያውቁት ክስተት ነው። አንድ ቦታ ላይ የንክኪ ችፌ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ፣ የነቃው የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ከምንጩ ርቀው ባሉ ቦታዎችም፣ በተለይ በልጆች ክርንና ጉልበት ላይ፣ ደቃቅ የሚያሳክክ ሽፍታ ያወጣል። ለብቻው መድኃኒት የሚፈለግለት ሌላ በሽታ አይደለም፤ ዋናው ምንጭ ሲወገድ አብሮ ይከስማል።

«ለዓመታት ምንም ሳትሆን ቆይታ አሁን እንዴት?» ብለው ቢያስቡ ተገቢ ነው፣ መልሱም የዚህን ሕመም ጠባይ ለመረዳት ቁልፍ ነው። ኒኬል ነጭ፣ አንጸባራቂና ርካሽ ብረት በመሆኑ በአርቴፊሻል ጌጦች ውስጥ ከሌሎች ብረቶች ጋር ይደባለቃል፤ በብዙ የወርቅ ቅብ ጌጦችም ከወርቁ ሥር እንደ መደላድል ይለበጣል። ቅቡ አዲስ ሳለ ቆዳውን የሚነካው ወርቁ ነው፤ ከወራት በኋላ ሲፋቅ ግን ሥሩ ያለው ኒኬል ይገለጣል። በላብ ውስጥ ያለው ጨው ብረቱን በዓይን በማይታይ መጠን ጥቂት በጥቂት ያሟሟዋል፤ የሟሟው ኒኬል ወደ ቆዳ ዘልቆ ከሰውነት ፕሮቲኖች ጋር ሲጣበቅ፣ ቲ ሴል የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት እንደ ባዕድ ቆጥረው በማስታወሻቸው ይይዙታል። ይህ የመማር ጊዜ ቢያንስ ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል፤ በአንዳንድ ሰው ላይ ዓመታት ይፈጃል፣ በዚያም ጊዜ ሁሉ ቆዳው ጤነኛ መስሎ ይታያል። ሕዋሳቱ አንድ ጊዜ ካወቁት በኋላ ግን ኒኬሉ ዳግመኛ በነካቸው ቁጥር ይነሣሉ። የጆሮ መበሳት ከሌላው ንክኪ ሁሉ የበለጠ መንገድ የሚከፍተው፣ ብረቱ የቆዳውን መከላከያ አልፎ በትኩስ ቁስል ውስጥ ስለሚቀመጥ ነው። አስቀድሞ የተፈጥሮ ችፌ (ከሕፃንነት ጀምሮ የሚመላለስ ችፌ) ያለባቸው ልጆች ቆዳቸው ልል ስለሆነ ከሌሎቹ ይልቅ ይጋለጣሉ።

ሌላው ወላጆችን የሚያሳስተው የጊዜው ጉዳይ ነው። ይህ አለርጂ እንደ ንብ መንደፍ ወዲያው አያሳብጥም፤ ማሳከኩና ሽፍታው የሚመጣው ብረቱ ከነካ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ዘግይቶ ነው። ልጅቷ ቅዳሜ ሰርግ ላይ አጊጣ ውላ ሰኞ ማታ ጆሮዋን ስታክክ፣ እናት የምታስበው እሑድ የበላችውን እንጂ ቅዳሜ ያደረገችውን ጌጥ አይደለም። ሽሮው በከንቱ የሚከሰሰውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ስለ ሽሮ ካነሣሁ አቋሜን በግልጽ ልናገር። ጥራጥሬ፣ ኮኮዋ፣ አጃና ለውዝ ከሌሎች ምግቦች ይልቅ ከፍ ያለ ኒኬል እንዳላቸው እውነት ነው፤ አለርጂያቸው እጅግ የጠና ጥቂት ሰዎችም፣ የሚነካቸው ብረት ሁሉ ተወግዶ እንኳ ሳይሻላቸው ሲቀር፣ በሐኪምና በሥነ ምግብ ባለሙያ ክትትል ለተወሰነ ጊዜ ምግባቸው ይስተካከላል። ነገር ግን ለአብዛኞቹ ልጆች ይህ አያስፈልግም። በየቤታችን ሽሮ፣ ምስርና ሽምብራ የልጁ ዋና የፕሮቲንና የብረት ማዕድን ምንጭ በሆኑበት ሁኔታ፣ በተለይም በጾም ወራት፣ በማደግ ላይ ካለች ልጅ ሳህን ላይ እነዚህን ማንሣት ከሽፍታው የሚበልጥ ጉዳት ነው። እባክዎ ሽሮዋን ይመልሱላት፤ የሚወልቀው ጉትቻው ነው።

ወደ ወርቁ ልምጣ። ብዙ ወላጅ «አርቴፊሻሉ ካስቸገራት ፒያሳ ወርደን እውነተኛ እንገዛላታለን» ይላል፣ በከፊልም ልክ ነው። ሆኖም አለርጂውን የሚወስነው የጌጡ ዋጋ ሳይሆን በውስጡ ያለው ቅይጥ ነው። 21 ካራት ወርቅ ከመቶ 87.5 እጁ ወርቅ ነው፣ 18 ካራት ደግሞ ከመቶ 75 እጁ፤ የቀረው በቢጫ ወርቅ ዘወትር መዳብና ብር ስለሆነ አብዛኞቹ የኒኬል አለርጂ ያለባቸው ልጆች ያለ ችግር ያደርጉታል። ነጭ ወርቅ ግን ሌላ ነው፤ ወርቁን ለማንጣት ከሚጨመሩት ብረቶች አንዱ ኒኬል ስለሆነ፣ ውድ ቢሆንም ለልጅዎ አልመክረውም። በቢጫ ወርቅም ቢሆን በጆሮ ቀዳዳ የሚያልፈው ዘንግና ከኋላ የሚይዘው መቆለፊያ አንዳንዴ ከሌላ ብረት ይሠራሉና፣ ወርቅ ቤት ሲገቡ «ስንት ካራት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ዘንጉና መቆለፊያውስ ከምንድን ነው የተሠሩት?» ብለው ይጠይቁ። ሻጩ የሚያውቀው ስለ ፊት ለፊቱ ብቻ ከሆነ አንጥረኛው ራሱ እንዲነግርዎት ይጠይቁ።

«ኒኬል የለበትም» ወይም «የሐኪም ብረት» ተብሎ የሚሸጠውንም በጥንቃቄ ይመልከቱት። ለሕክምና የሚያገለግለው የማይዝግ ብረት በውስጡ ከመቶ አሥር እጅ በላይ ኒኬል ሊኖረው ይችላል፤ አብዛኞቹ ሰዎች የሚችሉት ኒኬሉ ስለሌለ ሳይሆን አጥብቆ ስለሚይዘውና እምብዛም ስለማይለቀው ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣውና ከ2001 ጀምሮ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው ሕግም የሚለካው ይህንኑ ነው፦ ቆዳን ለረጅም ጊዜ የሚነካ ዕቃ በሳምንት ከአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ0.5 ማይክሮግራም በላይ ኒኬል መልቀቅ የለበትም፤ በተበሳ አካል ውስጥ የሚገባ ዘንግ ደግሞ አሁን ባለው ደንብ ከ0.2 ማይክሮግራም በላይ መልቀቅ አይፈቀድለትም። ከዚያ ቀድማ ተመሳሳይ ሕግ ባወጣችው በዴንማርክ ከሕጉ በኋላ ጆሯቸውን የተበሱ ልጃገረዶች ከቀደሙት ይልቅ በእጅጉ ያነሰ የኒኬል አለርጂ ታይቶባቸዋል፤ ይህም ችግሩ መከላከል የሚቻል መሆኑን ያሳየ ትልቅ ነገር ነው። ሕጉ ግን የአውሮፓ ነው፤ መርካቶ በችርቻሮ ለሚሸጥ ጉትቻ ዋስትና አይሆንም። አስተማማኝ የሚባሉት ቲታኒየምና ኒዮቢየም የተባሉት ብረቶች፣ ከእነርሱም ሌላ ለሕክምና የተሠራ ፕላስቲክ ናቸው።

አንድን ዕቃ በቤት የሚፈትሽ ዘዴም አለ። ሩሲያዊው ኬሚስት ሌቭ ቹጋዬቭ እ.ኤ.አ. በ1905 ኒኬልን ለመለየት ባስተዋወቁት ዳይሜቲልግላይኦክሲም በተባለ ውሕድና በአሞኒያ የተነከረ ጥጥ ብረቱ ላይ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ሲታሽ፣ ጥጡ ወደ ሮዝ ከተለወጠ ብረቱ ኒኬል ይለቃል ማለት ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለዎት «የኒኬል መፈተሻ» ተብሎ በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጠውን ሊያመጣልዎት ይችላል። ፈተናው የሚናገረው ስለ ዕቃው እንጂ ስለ ልጅዎ አለመሆኑን ግን ልብ ይበሉ።

ስለ መስቀሉ በተለይ ጊዜ ወስጄ ልመልስ፣ ምክንያቱም የአያትን ጭንቀት እንደ ቀላል ነገር ማየት ተገቢ አይመስለኝም። በክርስትና ጊዜ በልጁ አንገት የሚታሰረው ማተብ ክሩ ነው፤ ክሩ ደግሞ ኒኬል የለበትም፣ ይቆይላት። መስቀሉ ከእንጨት በተሠራ ቢለወጥ እምነቷም ቆዳዋም አይጎዱም። አያት ያረጀ የብር መስቀል ካላቸው እርሱም ሊታሰብ ይችላል። የዱሮ አንጥረኞች አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀልጡት 1780 የሚል ዓመት የታተመበትን የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር፤ እርሱም ከመቶ 83 እጅ ገደማ ብር ሆኖ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። አሁን በርካሽ የሚሸጡ ነጭና አንጸባራቂ መስቀሎች ግን ብዙ ጊዜ ከብር ጋር የሚያገናኛቸው ቀለማቸው ብቻ ነው። እንዲያውም «የጀርመን ብር» የሚባለው ቅይጥ መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል እንጂ አንዳች ብር የለበትም። መስቀሉን በጥፍር ቀለም መቀባት ወይም ከልብስ በላይ ማድረግ ለበዓል ቀን ይረዳ ይሆናል፤ ቀለሙ ግን በላብና በመታከክ በቀናት ውስጥ ይላጣል፣ ላብም ስስ ልብስን ያልፋል፤ ስለዚህ እንደ ዘላቂ መፍትሔ አይቁጠሩት።

የእኔ ግምት ስሕተት ሊሆን የሚችልባቸውን ሁኔታዎች መናገር አለብኝ። ከሁሉ በላይ እንዳይዘለል የምሻው እከክ ነው፤ እርሱም በእምብርት ዙሪያና በወገብ ላይ መውጣት ይወዳል። ማሳከኩ ሌሊት የሚብስ ከሆነ፣ በጣቶች መካከልና በእጅ አንጓ ላይ ደቃቅ ሽፍታ ካለ፣ ወይም ከቤተሰቡ ሌላ ሰውም የሚያክክ ከሆነ፣ ጌጥ ከማውለቅ በፊት ሁሉም የቤቱ ሰው ለእከክ መታየት ይኖርበታል። ክብ ሆኖ መካከሉ እየጠራ ዳር ዳሩን የሚሰፋ ከሆነ ጭርት ሊሆን ይችላል፤ ጭርት ላይ የስቴሮይድ ቅባት መቀባት መልኩን እየደበቀ ያስፋፋዋል። ከሕፃንነት ጀምሮ በክርንና በጉልበት መታጠፊያ በውስጥ በኩል የሚመላለስ ከሆነ ደግሞ የተፈጥሮ ችፌ ነው፤ ከኒኬል አለርጂ ጋር አብሮም ሊኖር ይችላል። በእኛ የቆዳ ቀለም ላይ መጽሐፍት የሚገልጹት «ቅላት» ብዙ ጊዜ አይታይም፤ የሚታየው ጥቁረት፣ መሻከር፣ አንዳንዴም ግራጫ ወይም ወይን ጠጅ የመሰለ ቀለም ነው። ሐኪም ጋ ሲሄዱ ሽፍታው በባሰበት ቀን በስልክዎ ያነሡትን ፎቶ ይዘው ይሂዱ።

ምርመራ አለው። ትክክለኛው ምርመራ ፓች ቴስት የሚባለው ነው፤ መሠረቱን እ.ኤ.አ. በ1895 ያኖሩት ዮሴፍ ያዳሶን የተባሉ የቆዳ ሐኪም ናቸው። ከመቶ አምስት እጅ የኒኬል ሰልፌት በቫዝሊን ተለውሶ፣ ከሌሎች የሚጠረጠሩ ነገሮች ጋር፣ በትንንሽ ሳህን መሰል ልጣፎች በጀርባዋ ላይ ይለጠፋል። ከ48 ሰዓት በኋላ ልጣፉ ይነሣል፤ በዚያው ቀንና እንደገና በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ቆዳው ይነበባል። በእነዚህ ቀናት ጀርባዋ መርጠብ የለበትም፣ ላብ የሚያስወጣ ሩጫም አይመከርም፤ ስለዚህ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሳምንት ይምረጡ። ጀርባዋ ላይ ትኩስ ሽፍታ ካለ ወይም ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት በቅርቡ ከተቀባ ውጤቱ ይዛባል። ሁሉም ክሊኒክ የሚሠራው ምርመራ ስላልሆነ ከመሄድዎ በፊት የቆዳ ሕክምና ክፍል ባለው ሆስፒታል ደውለው ይጠይቁ። አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርዎ፦ በየላቦራቶሪው «የአለርጂ ምርመራ» ተብሎ በደም የሚሠራው የአይ ጂ ኢ ምርመራ፣ እንዲሁም ክንድን በመርፌ ጫፍ በመንካት የሚደረገው፣ ይህን ዓይነት አለርጂ አያሳዩም። የሚለኩት ወዲያው የሚነሣውን ሌላ ዓይነት አለርጂ ነው፤ ስለዚህ ለዚህ ሽፍታ ብለው ገንዘብዎን አያውጡባቸው። ታሪኩ እንደ ልጅዎ ግልጽ በሆነበት ጊዜ ደግሞ፣ ብረቱን ሁሉ ለስድስት ሳምንት ያህል አውልቆ ለውጡን ማየት በራሱ ብዙ ይናገራል።

ሕክምናው በሚገባ ቅደም ተከተል ይሁን። መጀመሪያ ጉትቻው ዛሬውኑ ይውለቅ። ቀዳዳው እንዳይደፈን ከተጨነቁ ለሕክምና በተሠራ የፕላስቲክ ዘንግ ይተኩት፤ ቁስሉ ግን እስኪደርቅ ባዶውን ቢቆይ እመርጣለሁ። የሱሪው ቁልፍ በፕላስቲክ ቁልፍ ይቀየር ወይም በውስጥ በኩል ወፍራም ጨርቅ ይሰፋበት፤ ላስቲክ ወገብ ያለው ሱሪ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። የሚያዠው ጆሮ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለአሥር ደቂቃ ያህል ይሸፈን። ከዚያ ለጆሮና ለአንገት ከመቶ አንድ እጅ ሃይድሮኮርቲዞን በቀን ሁለት ጊዜ እስከ አንድ ሳምንት ይበቃል፤ ለሻከረው የሆድ ቆዳ መካከለኛ ጉልበት ያለው ቅባት ሊያስፈልግ ይችላል፣ እርሱን ግን ሐኪም ይዘዝላት። እስካሁን ሲቀቡላት የነበረውን ቱቦ አውጥተው ስሙን ያንብቡ። ክሎቤታሶል ከሆነ ለልጅ ቀጭን ቆዳ ከሚገባው በላይ ጠንካራ ነው፤ ኒዮማይሲን ያለበት ድብልቅ ቅባት ከሆነ ደግሞ ኒዮማይሲን ራሱ የንክኪ አለርጂ ከሚያመጡት መድኃኒቶች አንዱ ነው። «ሲቀባ ይሻላል ሲቆም ይመለሳል» ያሉት ቅባቱ እሳቱን እያበረደ ማገዶው ስላልወጣ ነው። ሌሊት የሚያሳክካት ከሆነ ሐኪም እንቅልፍ የሚያመጣ የአለርጂ ሽሮፕ ሊሰጣት ይችላል፤ ሽሮፑ ግን ለእንቅልፏ ይረዳል እንጂ ችፌውን አያድንም። ቆዳው ሲደርቅ ሽታ የሌለው ተራ ቫዝሊን ጠዋትና ማታ ይበቃል።

በቅን ልብ የሚሰጡ የቤት መድኃኒቶችን በተመለከተ፣ ነጭ ሽንኩርት የልጅን ቆዳ እስከ መላጥ ድረስ ያቃጥላል። ጤና አዳምና ሎሚም ቆዳ ላይ ተቀብተው ፀሐይ ሲያገኛቸው ውኃ የሚቋጥር ቃጠሎና ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ያስከትላሉ። መግል፣ ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት፣ ትኩሳት ወይም ከጆሮው ጫፍ አልፎ ወደ ላይኛው ጠንካራ ክፍል የሚወጣ እብጠት ካዩ ግን አንድም ቅባት ሳይሞክሩ በዚያው ቀን ሐኪም ይያት።

ጉትቻው፣ መስቀሉና ቁልፉ ተወግደው ካልበቃ የዓይን መነጽር ክፈፍን፣ በገመድ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለውን የቤት ቁልፍ፣ የትምህርት ቤት ወንበር ብሎንን ያስቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የተዘገበ የአንድ የ11 ዓመት ልጅ ችፌ ምንጩ ዘወትር የሚይዘው ታብሌት ሆኖ ተገኝቷል። ሽፍታው በእግሯ የላይኛው ገጽ ላይ ከወጣ ደግሞ ጥፋቱ የኒኬል ሳይሆን ቆዳ ጫማ በሚለፋበት ክሮሚየም ወይም በጫማው ማጣበቂያ ሊሆን ይችላል።

ይድናል ወይ ላሉት፣ ሽፍታው ይድናል፤ ብረቱ ከተወገደ በሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ማሳከኩና መሻከሩ ይጠፋል። የሚቀረው ጥቁር ምልክት ጠባሳ አይደለም፣ በወራት ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል፤ ለማንጻት ተብሎ የሚሸጥ ክሬም ግን አይቀቧት። ኒኬልን የማወቁ ነገር ግን በአብዛኛው ዕድሜ ልክ ይዘልቃል፣ የሚያጠፋው መድኃኒትም የለም፤ ስለዚህ ልጅዎ ራሷ በስሙ ልታውቀው ይገባል። የስምንት ዓመት ልጅ «እኔ ኒኬል አይስማማኝም» ብላ ለአክስቷም፣ ወደፊት ጥርሷን ለሚያቃና ሐኪምም መናገር ትችላለች።

የትንሿን ጆሮ በተመለከተ፣ አይብሷት አልልዎትም፤ ያቆዩት እላለሁ። ቢያንስ በስድስተኛ፣ በአሥረኛና በአሥራ አራተኛ ሳምንት የሚሰጠውንና መንጋጋ ቆልፍን ጭምር የሚከላከለውን ክትባት ትጨርስ፤ ቢቻል ደግሞ ዓመታት ይለፉ። የምትበሳበት ቀን ሲደርስ በንጹሕ መሣሪያ በጤና ባለሙያ ይሁን፤ መጀመሪያ የሚገባው ዘንግም ቲታኒየም ወይም የሕክምና ፕላስቲክ ይሁን፣ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪድን ድረስም አይለወጥ። የእኅቷ የጥምቀት ጉትቻ ለእርሷ እንዳይተላለፍ አሁኑኑ ከቤት ይውጣ።